ያሳተመው ማን ነው? ደራሲ፣ አታሚና አሳታሚ በኢትዮጵያ የመጽሐፍ ታሪክ



ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ግቡና በ1950ዎቹ ወይም በ1960ዎቹ የታተመ አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ከመደርደሪያው አውርዱ። የርዕሱን ገጽ ስትገልጡ የመጽሐፉ ስም አለ፤ የደራሲው ስም አለ፤ ከግርጌ «አዲስ አበባ» የሚል ቃልና ዓመተ ምሕረቱ አለ። በሌላ አገር መጽሐፍ የአሳታሚው ስም በሚሰፍርበት ቦታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት የማተሚያ ቤት ስም ነው፤ ብርሃንና ሰላም፣ አርቲስቲክ፣ ንግድ ማተሚያ ቤት። የካታሎግ ካርዱን የሞላው ባለሙያም ይህንኑ ስም «አሳታሚ» በሚለው መስመር ላይ አስፍሮታል። ባለሙያው አልተሳሳተም፤ ሌላ የሚጽፈው ስም አልነበረውም።

የዛሬው ገለጻዬ ስለዚያ አንድ መስመር ነው። ደራሲውም ማተሚያ ቤቱም ባሉበት አገር፣ በሁለቱ መካከል መቆም የነበረበት ሦስተኛው ሰው ወዴት ሄደ? በእርሱ ቦታ እነማን ተቀመጡበት? ደራሲዎቻችንስ ስለዚህ ምን ከፈሉ? ዓመታቱን በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የአውሮፓውያኑ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ከቃሉ ልጀምር። «አተመ» የተገኘው «ኀተመ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ ትርጉሙም በማኅተም መዝጋት፣ በማኅተም ማጽናት ማለት ነው። ማኅተም የባለሥልጣን ዕቃ መሆኑን አንርሳ፤ በኋላ እንመለስበታለን። «አሳተመ» ደግሞ አስደራጊ ግሥ ነው፤ ሌላው እንዲያትም ማድረግ። «እገሌ መጽሐፍ አሳተመ» ስንል ግን ብዙውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ደራሲው ነው። ለማተሚያ ቤቱ የከፈለው፣ እርማቱን ያየው፣ መጽሐፉን ተሸክሞ ለሻጭ ያደረሰው ማን እንደሆነ ግሡ አይነግረንም። ስለዚህ በታሪኩ ውስጥ ስንጓዝ አንድ ቀላል መመዘኛ እንያዝ፦ መጽሐፉ ባይሸጥ የሚከስረው ማን ነው? ለእኔ አሳታሚ ማለት፣ በማኅተሙም ሆነ በስሙ ሳይሆን፣ ከደራሲው ጋር አብሮ ለመክሰር የተዘጋጀ ሰው ማለት ነው።

ዘጸሐፎ እና ዘአጽሐፎ

በብራናው ዘመን ይህ ጥያቄ መልክ ነበረው። የግእዝ መጻሕፍትን ማሳረጊያ ያነበባችሁ ሁሉ ሁለት ቃላትን ታስታውሳላችሁ፦ «ዘጸሐፎ» እና «ዘአጽሐፎ»። የመጀመሪያው በእጁ የጻፈው ቁም ጸሐፊ ነው። ሁለተኛው ያስጻፈው ነው፤ የብራናውን ዋጋ፣ የጸሐፊውን ቀለብና ድካም የሸፈነው ንጉሥ፣ መኳንንት፣ እመቤት ወይም የደብር አለቃ። ቡራኬው ለሁለቱም ይደርሳል፤ ለሚያነበውም ለሚሰማውም ይደርሳል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገኘው ድርሰቱን የደረሰው ሰው ነው። እንደ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ስማቸው የታወቀላቸው ሊቃውንት አሉ፤ ነገር ግን በጥቅሉ ስንመለከተው ሥርዓቱ የሚያውቀው ጸሐፊንና አስጻፊን እንጂ ደራሲን አይደለም።

ከቡራኬው ቀጥሎ ውግዘት ይመጣል። መጽሐፉን የሰረቀ፣ የፋቀ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ያወጣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። ልብ በሉ፤ ውግዘቱ የሚጠብቀው ጥራዙን ነው፤ ብራናውን፣ ቀለሙን፣ ገበታውን። ድርሰቱን ቀድቶ መውሰድ ኃጢአት አልነበረም፤ እንዲያውም ጽድቅ ነበር። ቃሉ ሲባዛ በረከቱ ይባዛል። አስጻፊውም ቢሆን ትርፍ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ጸሎት ነው። ትርፍ ያልጠበቀ ሰው ደግሞ አይከስርም። ይህ ሥርዓት ለራሱ ዘመን ፍጹም የተሟላ ነበር። ችግሩ የመጣው ከኅትመት መኪናው በኋላም አስተሳሰቡ በውስጣችን መቆየቱ ነው፤ ያስጻፈ ይመሰገናል፣ የቀዳ ይጸድቃል፣ የደረሰው ግን ከቁጥር አይገባም።

ማተሚያ ቤቱ ከአሳታሚው ሲቀድም

የግእዝ ፊደል መጀመሪያ በእርሳስ የተቀረጸው በአገራችን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም የታተመው መዝሙረ ዳዊት በጀርመናዊው በዮሐንስ ፖትከን ጥረት የወጣ ነው። በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት ግን የእኛው ሰው፣ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። ከደብረ ሊባኖስ ወጥተው ሮም የደረሱት እኒህ መነኩሴ ሥራቸውን ለፍጻሜ ያበቁት በጳጳሱ ደጋፊነት ነው። ዘአጽሐፎ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

በ1900 ዓ.ም. አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ልብ ወለድ ታሪክን፣ ሲያሳትሙ ያሳተሙት እዚያው ሮም ነበር። ደራሲው፣ ማተሚያ ቤቱና አንባቢው በአንድ አገር አልተገናኙም። በጣሊያን ምድር ለታተመ የአማርኛ ልብ ወለድ ገንዘቡን አውጥቶ «ሸጬ እመልሰዋለሁ» ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ሊኖር አይችልም ነበር።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ሲቋቋም ይህ ርቀት ጠበበ። በ1917 ዓ.ም. በዚሁ ስም ጋዜጣ ወጣ፤ መጻሕፍት ተከተሉ። መኪናው ቤተ መንግሥቱ ነበረ፤ ወረቀቱም ሠራተኛውም እንዲሁ። በዘመኑ መጻሕፍት የርዕስ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የገዢው መልካም ፈቃድ ከደራሲው ስም ቀድሞ ይጠቀስ የነበረው በይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደከፈለና ማን እንደፈቀደ የሚመሰክር እውነተኛ መረጃ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሳቸው ማተሚያ ቤት እንዲኖራቸው ማድረጋቸውን በዚህ ዓይን ማየት ይገባል። ከአገሪቱ ታላላቅ ባለሥልጣናት አንዱ የነበሩት ደራሲ እንኳ ሥራቸውን በሚፈልጉት ጊዜና መልክ ለማውጣት የራሳቸውን መኪና መያዝ ግድ ሆነባቸው። ደራሲው አታሚም አሳታሚም ሆነ።

እንግዲህ የኅትመት ታሪካችን መነሻ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አስጻፊው ከብራናው ዘመን መጣ፤ መኪናው በቤተ መንግሥት በኩል ገባ፤ አሳታሚው ግን አልተወለደም። ማተሚያ ቤት ደግሞ በባሕርዩ አይከስርም። ቀብድ ይቀበላል፤ ቀሪውን መጽሐፉ ከግቢው ሳይወጣ ይቀበላል። መጽሐፉ ቢነበብ ባይነበብ የእርሱ ጉዳይ አይደለም።

ሕጉ አለ፣ ሰውየው የለም

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ አስገራሚው ሰነድ ነው። ዋናው ረቂቅ የፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ የሬኔ ዳቪድ ሥራ መሆኑ ይታወቃል። ሕጉ ከአንቀጽ 1647 እስከ 1674 ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግግ ነበር፤ ከአንቀጽ 2672 እስከ 2697 ደግሞ ራሱን የቻለ የአሳታሚነት ውል ክፍል አለው። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ደራሲው ሥራውን ይሰጣል፤ አሳታሚው በበኩሉ ሥራውን ለማባዛትና በሕዝብ መካከል ለማሰራጨት ግዴታ ይገባል። ሁለት እኩል ሰዎች፣ ሁለት ፊርማ፣ አንድ ውል።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ በዚህ ውል ላይ የሚፈርመው ሁለተኛው ሰው ማን ነበር? ሕጉ አንድ ወንበር ሠርቶ አዘጋጀ፤ የሚቀመጥበት ግን አልመጣም። ደራሲዎቻችን ውሉን የሚዋዋሉት ከማተሚያ ቤት ጋር ነበር፤ እርሱም የአሳታሚነት ውል ሳይሆን የሥራ ውል ነው፤ ልብስ ሰፊን ልብስ እንዲሰፋ እንደማዘዝ።

ታዲያ እነዚያ ታላላቅ መጻሕፍት እንዴት ወጡ? የደራሲዎቹን የሥራ ድርሻ ተመልከቱ። ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. ያቀረቡልን ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ከበደ ሚካኤል ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። በዓሉ ግርማ ደመወዝተኛ ጋዜጠኛና የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የዘመናዊ ሥነ ጽሑፋችን የመጀመሪያው ትልቅ አሳታሚ የመንግሥት የወር ደመወዝ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ደመወዙ የወረቀቱን ዋጋ ከፈለ፤ ኪሳራውንም ቻለ። ነገር ግን ደመወዝ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ከሥራው ጋር አብሮ ብዕሩንም የገዛ ይመስለዋል።

ከዚህ ማዕቀፍ ለመውጣት የሞከረውን ሰው ዕጣ ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። አቤ ጉበኛ የመንግሥት ሥራውን ትቶ በድርሰቱ ገቢ ለመኖር ቆረጠ። ብዙ ጻፈ፤ ብዙ ተነበበ። በ1955 ዓ.ም. የወጣው አልወለድም ግን በመንግሥት ተያዘ፤ ደራሲውም ለግዞት ተዳረገ። አንድ መጽሐፍ ሲወረስ የአሳታሚ ድርጅት ከአንድ ዓመት ዕቅዱ አንዱን መስመር ያጣል፤ ራሱን ያሳተመ ደራሲ ግን ቤቱን ያጣል። በአቤና በባለሥልጣኑ መካከል የቆመ፣ ጠበቃ የሚያቆም፣ ቢያንስ «ገንዘቤን መልሱ» ብሎ የሚጮህ ሌላ ወገን አልነበረም።

የሸክላው ምስክርነት

ወንበሩ ባዶ መሆኑ የአገራችን ዕጣ ፈንታ ነበር እንዳንል ከመጽሐፍ አጠገብ ያለው የሙዚቃ ሙያ ይመሰክርብናል። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በወጣ ትእዛዝ የሙዚቃ ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ዐምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት ይህን ብቸኛ መብት ጥሶ፣ መታሰር እንደሚያስከትልበት እያወቀ፣ በራሱ ገንዘብ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጸ። ሸክላው ወደ ሕንድ ተልኮ ታትሞ መጣ። አልታሰረም። ዐምሐ ሪከርድስ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ መቶ ያህል ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ፤ ማህሙድ አህመድንና ሙላቱ አስታጥቄን ጨምሮ የዘመኑን ታላላቅ ስሞች ለአድማጭ አደረሰ። ሌሎችም ተከተሉት፤ የአሊ አብደላ ካይፋን ስም መጥቀስ ይበቃል።

በእኔ መመዘኛ ዐምሐ አሳታሚ ነው። ሸክላው ባይሸጥ የሚከስረው እርሱ ነበር፤ ባለሥልጣን ቢቆጣ የሚታሰረውም እርሱ ነበር። ዘፋኙና ሙዚቀኛው በዚህ ጥላ ሥር ሠሩ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የተገኘው ፍሬ ዛሬም ዓለም ያዳምጠዋል። እዚህ ላይ ግን ሚዛኑን መጠበቅ አለብን። ኪሳራውን የተሸከመ ሰው ትርፉም የእኔ ነው ይላል። በዚያ ዘመን የነበረው ልማድ ለድምፃዊው አንድ ጊዜ ከፍሎ መለያየት ነበር። እነዚያ ሸክላዎች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ ሥራ እንደገና ሲወጡ፣ የሙላቱም ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲሰማ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ማንም ያላሰበው ጥያቄ ተነሣ፦ የሁለተኛው ሕይወት ገቢ የማን ነው? ጥያቄውን የሚፈታው ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ካለ። ስለዚህ አሳታሚ መኖሩ ብቻውን ፍትሕ አይደለም። አሳታሚና ውል አብረው መኖር አለባቸው።

ወንበሩን መንግሥት ሲይዘው

በደርግ ዘመን ወንበሩ ባዶ መሆኑ አበቃ። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በመንግሥት ተቋቋመ። ለፍትሕ ያህል፣ የሠራውን መልካም ሥራ ማስታወስ ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ድርጅት ረቂቅ ተቀብሎ፣ አርታዒ መድቦ፣ የኅትመቱን ወጪ ችሎ፣ መጽሐፉን ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ጭምር ማከፋፈል ጀመረ። ደራሲው በር ለበር ከመዞር ዳነ። ክፍለ አገር ያደግን የእኔ ትውልድ ልጆች የመጀመሪያ ልብ ወለዶቻችንን ያገኘነው በኩራዝ ሱቅ ነው፤ ባለውለታችን ነው።

ነገር ግን መመዘኛችንን እንመልሰው፦ መጽሐፉ ቢከስር ኩራዝ ይከስራል ወይ? አይከስርም፤ ግምጃ ቤቱ የመንግሥት ነው። መጽሐፉ ባለሥልጣን ቢያስቆጣስ? እዚህ ላይ በ1975 ዓ.ም. የታተመው ኦሮማይ ይመጣል። ደራሲው በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አሥመራ ላይ ያየውን ወደ ልብ ወለድ ለወጠው። መጽሐፉን ያሳተመው ኩራዝ ነው። መጽሐፉ ተሰራጭቶ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ።

የዚህን ታሪክ አሰቃቂነት ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ላመለክተው የምፈልገው አንድ ተጨማሪ ነገር ነው። ደመወዙን የሚከፍለው፣ ረቂቁን የሚመረምረው፣ መጽሐፉን የሚያሳትመው፣ የሚያከፋፍለው፣ የሚሰበስበው፣ ደራሲውንም የሚቀጣው አንድ አካል ነበር። አሳታሚው «ይህን መጽሐፍ አንብቤ፣ አምኜበት፣ ገንዘቤን አውጥቼ አውጥቼዋለሁ፤ ተጠያቂው እኔም ነኝ» ብሎ ሊቆም አልቻለም፤ ሊቆምበት የሚችል የራሱ መሬት አልነበረውምና። ማኅተሙ የማን እንደሆነ ቃሉ ራሱ ከመጀመሪያው ነግሮናል። ደራሲው ብቻውን ቀረ፤ በአቤ ጊዜ አሳታሚ ስላልነበረ፣ በበዓሉ ጊዜ ደግሞ አሳታሚው ራሱ ባለማኅተሙ ስለነበረ።

አንድ የሕግ ጥያቄ ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አነሣዋለሁ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕግ የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ደራሲው የሞተበት ቀን ካልታወቀ ሃምሳው ዓመት ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሰው መጥፋት በፍርድ ቤት የሚታወጅበት ሥርዓት ስላለው ሕግ ነክ መልስ አይታጣም። ይሁንና አንድን ደራሲ ያጠፋ ዘመን የመጽሐፉን ባለመብትነት መቁጠሪያም አብሮ እንዳጠፋ ልብ ማለት ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከሳንሱሩ በኋላ

በ1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 34 የቅድመ ኅትመት ምርመራን አስቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 አጸናው። ለዚህ ነፃነት የተከፈለውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው አዋጁን አቅልሎ አያይም። ነገር ግን መንግሥት ከወንበሩ ሲነሣ ወንበሩን ማን ያዘው? እንደ ሜጋ ያሉ አሳታሚዎች መጥተዋል፤ ከመጽሐፍ ሻጭነት ወደ አሳታሚነት ያደጉ ነጋዴዎችም አሉ፤ ክብር ይገባቸዋል። ይሁንና አብዛኛው ደራሲ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ተመለሰ፤ ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ራሱን አሳታሚ ብሎ።

የመጽሐፍ ምርቃት ሥነ ሥርዓታችንን በዚህ መነጽር ተመልከቱት። አዳራሹ ሞልቷል፤ አንድ ባለሀብት ተነሥተው የአንዱን መጽሐፍ ዋጋ በብዙ እጥፍ ከፍለው ይገዛሉ፤ ይጨበጨባል። ከጀርባ ሽፋኑ ላይ የስፖንሰሮች ዓርማ ተደርድሯል። ይህ ገበያ አይደለም፤ ዘአጽሐፎ ነው። በልብሱ ተለውጦ ተመልሷል። መልካም ሰው ነው፤ እናመሰግነዋለን። ግን በማግስቱ የቀሩትን ሁለት ሺህ ቅጂዎች ለማን እንደምንሸጥ አይጠይቀንም።

ከራሴ ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት የዶክትሬት ጥናቴን ለሰፊው አንባቢ እንዲሆን አድርጌ ጽፌ አንድ ሺህ ቅጂ በራሴ ወጪ አሳተምሁ። አራት መቶውን ስሙን ለማልጠቅሰው አከፋፋይ «ሲሸጥ ትከፍለኛለህ» ብዬ አስረከብሁ። ቡና ጠጣን፤ ተጨባበጥን። ከስምንት ወር በኋላ ሂሳቤን ልጠይቅ ብሄድ ሱቁ የጫማ መሸጫ ሆኗል። ስልኩ አይነሣም። ወደ አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ ሄድሁ። «ውልህን አምጣ» አለኝ። ውል አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት እዚሁ ግቢ ውስጥ ስለ አንቀጽ 2672 ትምህርት ሰጥቼ ነበር። ወዳጄ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ፤ አራት መቶው ግን አልተመለሰም።

ይህን የምነግራችሁ ለቅሶ እንድትደርሱኝ አይደለም። ሕጉን የሚያስተምረው ሰው እንኳ ውል መጠየቅን እንደ ንፍገት ቆጥሮ መተዉ የግል ስንፍና ብቻ ስላልሆነ ነው። በመካከላችን «እንተማመን የለም ወይ?» የሚል ታላቅ ቃል አለ። ያ ቃል በዕቁብና በዕድር ውስጥ ይሠራል፤ ምክንያቱም እዚያ ዳኛ፣ ጸሐፊና መዝገብ አለ። እንዲያውም ዕቁብ ከእኛ የመጽሐፍ ንግድ ይልቅ በወረቀት የተመራ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ በ2007 ዓ.ም. የወጣውም ማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 872፣ የደራሲውን መብት በግልጽ አስፍረዋል። ይሁን እንጂ አዋጅ መብት ይሰጣል እንጂ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አይወልድም። ዛሬ አንድ መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ ገጽ በገጽ ተነሥቶ በቴሌግራም ይበተናል። የሚበትኑት ወጣቶች ሲጠየቁ «ዕውቀት እናዳርስ ብለን ነው» ይላሉ፤ በቅንነት ነው የሚሉት። የቀዳ ይጸድቃል የሚለው ጥንታዊ እምነት ነው የሚናገረው። የብራናው ውግዘት ጥራዙን ጠብቆ ድርሰቱን ለቀቀ፤ ዛሬ ጥራዙ በደራሲው አልጋ ሥር በካርቶን ታሽጎ በሰላም ይኖራል፤ የተወሰደው ድርሰቱ ነው።

የጠፋው ወረቀት

አሳታሚ አለመኖሩ ያስከተለው ጉዳት በገንዘብ ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ የታሪክ ምሁር ሳይሆን የንግድ ሰው ቢናገርበት ይሻል ነበር። የእኛን ሙያ የሚነካውን ለማሳየት ለአንድ አፍታ ወደ ለንደን እወስዳችኋለሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1667 ዓይነ ስውሩ ባለቅኔ ጆን ሚልተን ገነት ጠፋች በሚል የምናውቀውን ታላቅ ግጥሙን ለአታሚው ለሳሙኤል ሲመንስ በውል ሰጠ። በእጁ 5 ፓውንድ ተቀበለ፤ ከመጀመሪያው እትም 1,300 ቅጂ ሲሸጥ ሌላ 5 ፓውንድ እንዲከፈለው፣ ለቀጣዮቹ ሁለት እትሞችም እንዲሁ እንዲሆን ተስማሙ። ሁለተኛውን 5 ፓውንድ በሁለት ዓመቱ ተቀበለ። እርሱ ከሞተ በኋላ ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1680 ቀሪ መብቷን በ8 ፓውንድ ለቀቀች።

ዋጋው አሳዛኝ ነው፤ ለዚያ ግጥም 18 ፓውንድ! ነገር ግን ዋጋው አሳዛኝ መሆኑን ዛሬ እኛ በአዲስ አበባ ተቀምጠን ማወቃችንን አስተውሉ። የምናውቀው ውሉ በወረቀት ላይ ስለሰፈረና ወረቀቱም ስለተጠበቀ ነው። በደል እንኳ መዝገብ ሲኖረው ይታረማል፤ በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1710 የወጣው ሕግ የመጽሐፍን መብት መጀመሪያ ለደራሲው የሰጠው፣ ደራሲዎችና መጽሐፍ ሻጮች ለብዙ ዓመታት በሰነድ ከተከራከሩ በኋላ ነው።

አሳታሚ ቤት ማለት የማኅደር ክፍል ማለትም ነው። ደራሲው የላከው ረቂቅ፣ አርታዒው የሰረዘው ዓረፍተ ነገር፣ የተጻጻፉት ደብዳቤ፣ የተከፈለው ሂሳብ እዚያ ይቀመጣል። የእኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይልቅ በትዝታና በቃለ መጠይቅ ላይ የቆመው ደራሲዎቻችን ግድ የለሾች ስለነበሩ አይደለም። ወረቀቱን ማኖር የሥራ ግዴታው የሆነ ሰው በመካከል ስላልቆመ ነው። ወረቀቱ ካለም ያለው በመሳቢያ፣ በሻንጣ፣ ከልጅ ልጆች ቤት ነው።

ስለዚህ ለዚህ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሥራ ትቼ ልሂድ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፈልጋችሁ ወደ ቢሮዬ ስትመጡ አንድን ደራሲ ብቻ አትምረጡ፤ አንድን መጽሐፍ ምረጡና ገንዘቡን ተከተሉ። ለማተሚያ ቤቱ ማን ከፈለ? ስንት ቅጂ ታተመ? ቀሪው የት ገባ? የቤተሰቡን ደጅ በአክብሮት አንኳኩ፤ የማተሚያ ቤቱን አሮጌ የሂሳብ መዝገብ ለማየት ደብዳቤ አጽፉ፤ በስታዲየም ዙሪያ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን አባቶች ጠይቁ፤ እነርሱ ከማንኛችንም በላይ ያውቃሉ። ጡረታ የወጡት ፊደል ለቃሚዎችም በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ።

ለባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ከእናንተ ብዙዎቹ በዚህ ዓመት መጽሐፍ ታሳትማላችሁ። ከአከፋፋዩ ጋር ቡናውን ጠጡ፤ ከቡናው በኋላ ግን ሁለት ገጽ ወረቀት አውጡ፤ የቅጂውን ቁጥር፣ የክፍያውን ቀን፣ ያልተሸጠው የሚመለስበትን ሁኔታ ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንዱን ቅጂ እናንተ አኑሩ። ሰውየው ቅር ቢለው፣ የሚያስተምር አንድ ሰው አራት መቶ መጽሐፍ በዚህ እንዳጣ ንገሩት።

ያ በካርዱ ላይ ያለው መስመር አንድ ቀን በትክክለኛ ስም ይሞላ ይሆናል። እስከዚያው በመስመሩ ላይ የማን ስም መስፈር እንደነበረበት፣ ማን እንደከፈለና ማን እንደከሰረ ለይቶ ማስፈር የእኛ ሥራ ነው።